የአዮዲንና የሕፃን እምብርት ታሪክ፤ ከፓሪስ እስከ ሁሩሙ

ከበደሌ ወደ መቱ የሚያመራውን መንገድ ይዞ ያዮን ያለፈ መንገደኛ፣ መቱ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ከተማ ሁሩሙ ናት። ሶርና ገባ የተባሉት ወንዞች የሚያጠጡት ይህ የኢሉባቦር ምድር፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ማር ከጫካው የሚቆረጥበት፣ ዝናምም ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን የማይለየው አገር ሲሆን፣ የያዮ የቡና ደን ሁሩሙን ጨምሮ በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የብዝኃ ሕይወት ክልሎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ምድሪቱን በዚህ ጸጋ ያስጌጠው ዝናም፣ ለእልፍ አእላፍ ዓመታት ሲወርድ ኖሮ፣ ከደጋው አፈር አንድ ረቂቅ ነገር እያጠበ ወደ ባሮ፣ ከባሮም ወደ ነጭ ዐባይ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ሲያወርደው ኖሯል፤ ይኸውም አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ስለ ሆነ፣ የሰባ ዓመት ዕድሜ ድርሻው ቢደመር እንኳ 4 ግራም አይሞላም፤ ይህን ያህል ጥቂት ነገር በመጥፋቱ ግን የእናቲቱ አንገት ያብጣል፣ የሕፃኑ አእምሮ ይደክማል፣ እምብርቱም ከሆዱ ወጥቶ ይታያል። ሰው ይህን ምሥጢር ለመረዳት ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀበት፣ አዮዲንንም በመጀመሪያ ከእምብርት ላይ፣ በመጨረሻም ከጨው ውስጥ እንዴት እንዳኖረው፣ እነሆ በቅደም ተከተል እንተርካለን።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ጋር ያገናኘው የነበረው እትብት ከተቆረጠ በኋላ፣ በሆዱ ግድግዳ መካከል የነበረችው ቀዳዳ ቀስ በቀስ ትዘጋለች። ቀዳዳዋ ሳትዘጋ ስትዘገይ፣ ሕፃኑ ባለቀሰ ወይም ባማጠ ቊጥር ከውስጥ ያለው የአንጀት ክፍል ቆዳውን እየገፋ ይወጣል፤ ይህ የእምብርት ቡአ ይባላል። ከአፍሪካ ወገን በሆኑ ሕፃናት ዘንድ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ አብዛኛው አራትና አምስት ዓመት እስኪሞላ ድረስ ማንም ሳይነካው በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ለብዙዎቹ እናቶች ፍርሃት የሚገባው ነገር አይደለም። እምብርታቸው ከወጣው ሕፃናት መካከል ግን በጥቂቶቹ ዘንድ የወጣው እምብርት የሌላ ደዌ ምስክር ሆኖ ይገኛል፤ ታሪካችንም በተለይ ስለ እነዚህ ነው።

የሰው ልጅ ስለ እምብርት የተጨነቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በመጽሐፉ በ16ኛው ምዕራፍ ኢየሩሳሌምን በተጣለች ሕፃን መስሎ ሲናገር፣ እትብቷ እንዳልተቆረጠና ሰውነቷ በጨው እንዳልታሸ ያወሳል፤ ከዚህም በዚያ ዘመን እትብት መቊረጥና ጨው መቀባት አዲስ ለተወለደ ሕፃን የሚደረግ የምሕረት ሥራ እንደ ነበረ እንረዳለን። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ ደግሞ፣ ስለ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ፣ የወጣን እምብርት ከሥሩ በክር አስሮ ወይም በእሳት ተኩሶ ስለ ማጥፋት ይገልጻል። ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልሎ ከእምብርቱ ላይ ማሰርም በብዙ አሕዛብ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ሁሉም ግን እብጠቱን ከላይ ተመለከቱት እንጂ፣ ከውስጥ የገፋው ምን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በኛ አገር ጨው የራሱን ረጅም ጉዞ ይጓዝ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ወደ ሩቅ አገር ወርደው ጨውን በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበረ ጽፏል። ከዚያም በኋላ ከአፋር በረሃ ተቈርጦ የሚወጣው አሞሌ፣ ከግመል ወደ በቅሎ፣ ከበቅሎ ወደ ሰው ጫንቃ እየተላለፈ፣ መንገዱ በራቀ ቊጥር ዋጋው እየናረ፣ እስከ ደቡብ ምዕራብ ደጋ ድረስ ምግብም ገንዘብም ሆኖ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ከበረሃው የሚቈረጠው ጨው አዮዲን እጅግ ያነሰው ነው፤ የባሕር ውሃ በፀሐይ ደርቆ የሚገኘውም ጨው ቢሆን ቅሉ አዮዲኑ ለሰው አይበቃም። ስለዚህ ጨው ለደጋው ሕዝብ ጣዕምን ሰጠው እንጂ ከእንቅርት አላዳነውም። አባቶቻችን መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለታቸው፣ እንቅርት በየመንደሩ የታወቀ፣ ከሰው አካል ጋር አብሮ የሚኖር የሚመስል ደዌ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የዚህ ደዌ መድኃኒት የተገኘው ማንም ሳይፈልገው ነው። በ1811 ዓ.ም. የናፖሊዮን ጦርነት ኤውሮፓን በሚያውክበት ጊዜ፣ ለባሩድ የሚሆን ጨው በፓሪስ ያዘጋጅ የነበረው በርናር ኩርትዋ፣ ከባሕር ሣር አመድ የወጣውን ዝቃጭ ለማጽዳት ብርቱ አሲድ ቢጨምርበት፣ እንደ ወይን ጠጅ የሐምራዊ መልክ ያለው እንፋሎት ተነሣ፤ እንፋሎቱም ከቀዝቃዛ ነገር ላይ ባረፈ ጊዜ ጠቊሮ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ሆነ። ጌ ሉሳክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን ነገር መርምሮ አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን በማረጋገጥ በ1813 ዓ.ም. ስም አወጣለት። ከዚያም በ1820 ዓ.ም. የጄኔቫው ሐኪም ፍራንስዋ ኩዋንዴ፣ ከጥንት ጀምሮ ለእንቅርት ሲሰጥ የኖረው የተቃጠለ የባሕር ስፖንጅ ኃይሉ ከዚሁ ንጥረ ነገር የመጣ ሊሆን ይገባል ብሎ አሰበና፣ አዮዲንን በአልኮል በጥብጦ ለሕሙማኑ ሰጠ፤ የብዙዎቹም አንገት ጎደለ። ነገር ግን መጠኑ ከልክ አልፎ ስለ ነበረ፣ አንዳንዶቹ ልባቸው በኃይል እየመታ ሰውነታቸው እየከሳ ታመሙ፤ ፍርሃትም በሕዝቡ መካከል ተሰማ። አዮዲን በጥቂቱ መድኃኒት፣ በብዙው መርዝ መሆኑ ያን ጊዜ ታየ፤ ይህም ትምህርት እስከ ታሪካችን ፍጻሜ ድረስ ይከተለናል።

የውስጡ መንገድ ሲያስፈራ፣ ሐኪሞች አዮዲንን ወደ ውጭው ሥራ አዞሩት። በ1830ዎቹ ዓመታት በፓሪስ የነበረው ታላቅ የቀዶ ጥገና ሐኪም አልፍሬድ ቬልፖ፣ ቲንክቸር አዮዲንን፣ ማለት በአልኮል የተበጠበጠውን አዮዲን፣ ውሃ በቊላ ዙሪያ በሚቋጥርበት እብጠት ውስጥ በመርፌ እየጨመረ ፈወሰ፤ ይህንኑም ሥራ ወደ ቡአ ከረጢት አሸጋገረው። የአሳቡ መሠረት እንዲህ ነበር፦ አዮዲኑ የከረጢቱን ውስጠኛ ግድግዳ ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ግድግዳ ሲድን እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ የተጣበቀውም ቀዳዳ ዳግመኛ አንጀት አያሳልፍም። ዳሩ ግን የቡአ ከረጢት ከሆድ ዕቃ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ያ የሚያቃጥል ውሃ ወደ ውስጥ ቢያመልጥ የሆድ ዕቃን ሽፋን ያቈስለውና ሕመምተኛውን ለሞት ያደርሰው ነበር። ስለዚህ ጆሴፍ ሊስተር በ1867 ዓ.ም. ቊስልን ከረቂቃን ተሕዋስያን የሚጠብቅበትን ሥርዐት ከገለጠ በኋላ፣ ቡአን በንጹሕ ቢላዋና በንጹሕ ክር መጠገን ሲቻል፣ የአዮዲን መርፌ ቀስ በቀስ ተተወ። በ1901 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዊልያም ማዮ የእምብርት ቡአን የሆድ ግድግዳ ሁለት ከንፈሮች አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ በመስፋት የሚዘጋበትን ዘዴ አሳተመ። በ1908 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ግሮሲክ ከቀዶ ጥገና በፊት የሕመምተኛውን ቆዳ በቲንክቸር አዮዲን መቀባት ብቻውን በቂ ንጽሕና እንደሚሰጥ አስተማረ። እንዲህም ሆኖ አዮዲን ከከረጢቱ ውስጥ ወጥቶ ከቆዳው ላይ ተቀመጠ፤ ሐኪም በሄደበት ሁሉ የሚሄደው ቡናማ ጠርሙስም ከዚህ በኋላ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

በዚሁ መቶ ዓመት ውስጥ ሌላ ምርመራ በቀስታ ይካሄድ ነበር። ፈረንሳዊው ቡሲንጎ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ሲዘዋወር፣ አዮዲን በተፈጥሮው ያለበትን ጨው የሚበሉ መንደሮች እንቅርት እንደማያገኛቸው አይቶ፣ ለሕዝብ ሁሉ እንዲህ ያለ ጨው እንዲታደል በ1830ዎቹ መከረ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በ1850 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቶማስ ኩርሊንግ ሳያድጉ የቀሩ የሁለት ሕፃናትን አስከሬን መርምሮ፣ በአንገታቸው ሊኖር የሚገባው የታይሮይድ ዕጢ ፈጽሞ እንዳልነበረ አገኘ። በ1883 ዓ.ም. የበርኑ ቴዎዶር ኮኸር፣ እንቅርታቸውን ለማዳን ዕጢውን ፈጽሞ ያወጣላቸው ሰዎች በኋላ እየደነዘዙና እያበጡ መሄዳቸውን በታማኝነት ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ተናገረ፤ ስለ ዕጢውም በደከመው ድካም በ1909 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1891 ዓ.ም. ሐኪሙ ጆርጅ መሪ ከበግ የታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ዕጢዋ ለደከመባት ለአንዲት ሕመምተኛ ሰጥቶ አዳናት፤ ሴቲቱም ከዚያ በኋላ 28 ዓመት በሕይወት ኖረች። በመጨረሻም ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን በ1895 ዓ.ም. አዮዲን በራሱ በዕጢው ውስጥ እንደሚኖር ባረጋገጠ ጊዜ፣ ተለያይተው የነበሩት ነገሮች ሁሉ ተገናኙ፤ ዕጢው ለሰውነት ዕድገትና ለአእምሮ ብርሃን የሚሆነውን ቅመም የሚሠራው ከአዮዲን ስለ ሆነ፣ አዮዲን ባጣ ጊዜ ለማግኘት እየታገለ ያብጣል፣ ትግሉም ባልሰመረለት ጊዜ ሰውነት ሁሉ ይደክማል።

የወጣ እምብርትም ትርጓሜውን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ቅመም ጎድሎበት የተወለደ ሕፃን እንቅልፋም ነው፤ ጡት ለመጥባት ይሰንፋል፤ ልቅሶው የሻከረ፣ ምላሱ የወፈረ፣ ቆዳው የደረቀና የቀዘቀዘ ይሆናል፤ ሲወለድ የታየበት የዐይን ብጫነት ሳይለቀው ይቈያል፤ የሆዱ ጡንቻ ስለሚላላና አንጀቱ በድርቀት ስለሚነፋ፣ እምብርቱ ተገፍቶ ይወጣል። የዘመኑ ሐኪሞች የዕጢውን መድኃኒት ለእንዲህ ያሉ ልጆች በሰጡ ጊዜ፣ ልጆቹ እየነቁ፣ ቁመታቸው እየጨመረ፣ የሆዳቸው ንፋትም እየጎደለ ሲሄድ በዐይናቸው አዩ። ከእንግዲህ ወዲህ አስተዋይ ሐኪም የወጣ እምብርት ባየ ጊዜ፣ እምብርቱን ብቻ ሳይሆን የሕፃኑን ልቅሶ፣ ቆዳና ንቃት አብሮ መመርመር የሚገባው ሆነ።

የቀረው ከመታመም በፊት መድረስ ነበር። አሜሪካዊው ዴቪድ ማሪንና ባልደረባው ኪምቦል በ1917 ዓ.ም. ኦሃዮ ውስጥ ባለችው በአክረን ከተማ ለተማሪ ልጃገረዶች ጥቂት አዮዲን መስጠት ጀመሩ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 2190 መካከል 5ቱ ብቻ፣ ካልወሰዱት 2305 መካከል ግን 495ቱ እንቅርት አበጡ። በ1922 ዓ.ም. በስዊስ አገር አዮዲን ያለው ጨው ለሕዝብ መሸጥ ተጀመረ፤ በ1924 ዓ.ም. የሚሺጋን ክፍለ አገር ተከተለ። እንቅርት ሲወርሳቸው የኖሩ የአልፕስ ተራራ መንደሮችም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከደዌው ተላቀቁ።

በኢሉባቦር የነበረው ሁናቴ ምን ይመስል ነበር? ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቊስለኞችን አክመዋል፤ ዘመናዊው ሕክምናም ከዚያ ወዲህ በዋና ከተማው ሥር ሰደደ። ወደ ምዕራቡ ግን መንገዱን የከፈተው ንግድ ነው። በ1902 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ስፍራ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም ወደብ ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ጊዜ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ የሸክም ነጋዴዎችም ያን ጨው ወደ ጎሬና ወደ መቱ ደጋ ያወጡት ነበር። ቡናን በጨው መጠጣት በለመደው በዚያ አገር፣ የባሕር ማዶ ጨው ከአሞሌው ስፍራ ገባ፤ ነገር ግን ያም ጨው ቢሆን አዮዲን አልተጨመረበትም።

በዚያው የባሮ መንገድ የሕክምና ሣጥንም መጣ። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 ዓ.ም. በምዕራቡ ደጋ ወዳለችው ወደ ሳዮ ከደረሰ በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ጎሬ ላይ የኢሉባቦርን ገዥ ራስ ናደውን ከጆሮ ሕመም አዳናቸው፤ እርሳቸውም ስለ እርሱ ለአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን መልካም ምስክርነት ሰጡ፤ ከዚህም የተነሣ በጉለሌ ሆስፒታል እስከ መሥራት ደረሰ። በዚያ ዘመን ቲንክቸር አዮዲን ከማናቸውም ሐኪም ሣጥን የማይታጣ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ አዮዲን ወደ ምዕራቡ ደጋ የገባው ለቊስል መቀቢያ ሆኖ ነው፤ በእናቲቱ ወጥ ውስጥ ግን ገና አልገባም ነበር። የሁለቱ መግባት በአንድ ሰው ዕድሜ የሚቈጠር ዘመን ተለያየ።

በ1936 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና ቈየች፤ ኋላም በጠላት እጅ ወደቀች። ከነፃነት በኋላ በ1954 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ፣ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያ መስደድ ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ድርጅት በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆነ። በ1980ዎቹ የዚህ ኢንስቲትዩት ሊቅ ዶክተር ዘውዴ ወልደ ገብርኤልና ባልደረቦቻቸው በየክፍለ አገሩ ተዘዋውረው 35,635 የትምህርት ቤት ልጆችን አንገት ቢመረምሩ፣ ከ100ው ከ30 የሚበልጡት እንቅርት ይዟቸው ተገኙ። በዚያው ዘመን፣ ከ1984 እስከ 1985 በነበረው ረኃብ ምክንያት፣ ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በኢሉባቦር ሰፈሩ፤ እነርሱም የዝናሙን በረከት ከነጉድለቱ ተካፈሉ።

ጥናቱ እንደ ታወቀ፣ የአገሪቱ ጨው አብዛኛው ይመጣ የነበረው ከአሰብና ከምጽዋ ስለ ሆነ፣ በዚያው በምንጩ ላይ አዮዲን መጨመር ተጀመረ። በ1998 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን መንገዱ ተዘጋ። የአገሪቱ ጨው ፊቱን በአፋር ወደሚገኘው ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞረ፤ በዚያ ያሉት ብዙ ጥቃቅን አምራቾች ጨዉን ያለ አዮዲን ለገበያ ያወጡት ነበር። ፍሬውም ሳይዘገይ ታየ፤ በ2005 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ100ው 40 ያህሉ እንቅርት ነበራቸው፤ በቂ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ደግሞ ከ100ው 5 አልሞሉም። በዚያ ዘመን በእናቱ ማኅፀን የነበረ ሕፃን፣ ማንም የጦርነቱን ወሬ ሳይነግረው፣ የዚያን ጦርነት ዕዳ በአንገቱና በአእምሮው ከፍሏል።

በ2003 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ ማለት በ2011፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደውን ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ጨዋቸው ከተመረመረላቸው ቤቶች ከ100ው 89ኙ አዮዲን የነካው ጨው ይዘው ተገኙ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም አዮዲን መንካትና በቂ አዮዲን መኖር አንድ አይደሉም። ከአፍዴራ እስከ ሁሩሙ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የተጨመረው አዮዲንም በፀሐይና በእርጥበት እየበነነ ይቀንሳል። በዝናማሙ ኢሉባቦር በክፍት ጆንያ የተቀመጠ ጨው ረጥቦ ውሃው ሲንጠባጠብ አዮዲኑም አብሮት ይሄዳል።

በዚህ መካከል አሮጌው የአዮዲን ጠርሙስ አዲስ ማስጠንቀቂያ መጣበት። ተመራማሪዎቹ ቮልፍና ቻይኮፍ በ1948 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን በብዛት በደረሰው ጊዜ ሥራውን ለጊዜው ያቆማል። የጨቅላ ሕፃን ቆዳ ስስ ስለ ሆነ፣ በእትብቱ ላይ ደጋግሞ የሚቀባ አዮዲን ወደ ደሙ ይገባል፤ ዕጢውንም ለጊዜው ሊያደክመው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ለእትብት ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ሌላ መድኃኒት የሕፃናት ሞት በበዛባቸው አገሮች በቤት ለሚወለዱ ሕፃናት መክሮ ነበር፤ በጤና ተቋም ለተወለደ ሕፃን ግን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ ይበቃል። የወጣ እምብርትን በአዮዲን መቀባትማ ቀዳዳውን አይዘጋውም፤ ሳንቲም ማሰርም እንዲሁ አይዘጋውም፤ ቆዳውን ያቈስለዋል እንጂ።

እንግዲህ የዚህ ሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ትምህርቱ ግልጽ ነው። አዮዲን ለእምብርት የሚጠቅመው ከእምብርቱ ላይ ሲቀመጥ አይደለም፤ ሕፃኑ ሳይወለድ በእናቱ ምግብ ውስጥ ሲገኝ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታልና፣ በሁሩሙ ገበያ ጨው የሚሸጥ ነጋዴ የታሸገውን ቢያቀርብ፣ እናትም ከእሳትና ከጭስ አርቃ በተከደነ ዕቃ ብታኖረው፣ ወጡም ከበሰለ በኋላ ብትጨምረው፣ በቡናው ላይ የሚነሰነሰውም ከዚያው ቢሆን፣ ዝናሙ ከምድሪቱ የወሰደውን ሰው በእጁ ይመልሳል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ እምብርቱ ወጥቶ ቢታይና ንቁ ሆኖ እየጠባ የሚያድግ ቢሆን፣ ጊዜ ይበቃዋል። ቡአው ጠንክሮና ቀይ ሆኖ የማይመለስ፣ ሕፃኑም የሚያስመልስ ከሆነ ግን፣ ያለ ቀጠሮ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እንቅልፉ የበዛ፣ ልቅሶው የሻከረ፣ ሆዱ የደረቀ፣ ብጫነቱም ያልለቀቀው ከሆነ ደግሞ፣ ሳምንት ሳይጨመርበት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል መድረስ አለበት። በኩቤክ ዣን ዱሶ በ1974 ዓ.ም. የጀመረው፣ በሕፃን ተረከዝ ደም ጠብታ የታይሮይድ ዕጢን ቅመም ጉድለት የሚያገኝ ምርመራ፣ በኛ አገር ለተወለዱ ሕፃናት ሁሉ ገና አልተዳረሰም። መድኃኒቱ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ የሕፃኑ አእምሮ ይድናል፤ ከዘገየ ግን የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ ምርመራው እስኪደርስ ድረስ፣ የአዋላጇ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የእናቲቱ ዐይን የዚያን የደም ጠብታ ሥራ ሊሠሩ ይገባል፤ ምልክቱንም ለይታ የምታውቅ አንዲት ሴት በየቀበሌው ብትገኝ፣ ለአገሪቱ የምታተርፈው ሰው ብዙ ነው።